ጫማህን መቼ አወለቅህ? ከመጠጥ ኮች ጋር እንዴት ይሠራል

መጠጥ ለመተው ኮች (እየተከፈለው ልማድህን ለመለወጥ የሚያግዝህ ሰው) ያዝ ሲሉኝ ዓይኔ ላይ የመጣው ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰውዬ ነበር። ቁጣና ምክር ከሆነማ ቤተሰብ በነጻ ይሰጣል፣ ለምን እከፍላለሁ አልኩ። ዛሬ ካቆምኩ ሰባት ዓመት ሆኖኛል፣ እኔም ሌሎችን አግዛለሁ። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያው ቀን ኮቼ ስንት እንደምጠጣ አልጠየቀኝም። «ያለፈውን ማክሰኞ ንገረኝ፣ ኮምፒውተርህን ከዘጋህባት ደቂቃ ጀምረህ» አለኝ። ነገርኩት። ቤት ገባሁ፣ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ወረወርኩ፣ ፍሪጁን ከፈትኩ፣ ቀዳሁ። «ጫማህን መቼ አወለቅህ?» አለኝ። ዝም አልኩ። ለዓመታት የመጀመሪያውን ብርጭቆ በጫማዬ ቆሜ ስጠጣ እኔም ባለቤቴም ልብ ብለነው አናውቅም። ኮች የሚሠራው እዚህች ላይ ነው፦ ከብርጭቆው በፊት ባለችው ሰዓት።

እናንተም ከዚህ ጀምሩ። አንድ ሳምንት ሙሉ የየምሽቱን ታሪክ ጻፉ፦ ስንት ሰዓት፣ የት፣ ከማን ጋር፣ ምሳ በልታችኋል ወይ፣ ልክ ከዚያ በፊት ምን ሆነ። በዚያ ሳምንት ለመቀነስ አትታገሉ። ራሱን ለማሳመር የሚጽፍ ሰው የሚጽፈው ልቦለድ ነው።

ከዚያ ልኬት። እኔ «ሁለት ብርጭቆ ወይን ብቻ» እል ነበር። ኮቼ ብርጭቆዬን እስከምቀዳበት ድረስ ውኃ ሞልቼ በመለኪያ እንድገለብጠው አዘዘኝ፤ 300 ሚሊ ሊትር ወጣው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ሚሊ ሊትሩን በአልኮሉ መቶኛ፣ ከዚያ በ0.79 ማባዛት። የ12 በመቶ ወይን ከሆነ 28 ግራም ንጹሕ አልኮል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አንድ መጠጥ የሚቆጥረው ደግሞ 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው። የእኔ «ሁለት» ወደ ስድስት ይጠጋ ነበር ማለት ነው።

አሁን የማልቀልድበት ነገር። ጠዋት እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ፣ ላብ የሚያጠምቃችሁ፣ ለመረጋጋት በማለዳ የምትጠጡ ከሆነ በራሳችሁ በአንድ ቀን እንዳታቆሙ። ለረጅም ጊዜ በብዛት የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ፣ ከሁለት እስከ አራት ባሉት ቀናት ደግሞ መቃዠትና አእምሮ መሳት ሊመጣበት ይችላል፤ ሊገድልም ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም፣ ኋላ ኮች። ይህን ሳይጠይቃችሁ ሥራ የሚጀምር ኮች ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ። ከዚህኛው በፊት የያዝኩት ሰው ሐኪም ያዘዘልኝን ናልትሬክሶን «ምርኩዝ ነው፣ ጣለው» ብሎኝ ነበር። ናልትሬክሶንም አካምፕሮሴትም አንዳንድ ሰው ላይ አምሮቱን የሚያበርዱ የታወቁ መድኃኒቶች ናቸው። ተው ማለት የኮች ሥልጣን አይደለም።

ጥሩ ኮች ብዙ አያወራም። «ከ10 ስንት ያህል ማቆም ትፈልጋለህ?» አለኝ አንድ ቀን። «አራት» አልኩ፣ ሊቆጣ ነው ብዬ። «ለምን አንድ አላልክም?» አለ። ሳላስበው «ልጄ ማታ ማታ የቤት ሥራዋን ለእኔ ማሳየት ትታለች» ብዬ አረፍኩት። ይህ አጠያየቅ ሳይኮሎጂስቱ ዊልያም ሚለር ከጠጪዎች ጋር ከሠራው ሥራ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1983 ከጻፈው ዘዴ የመጣ ነው። ምክንያቱን ሌላ ሰው ሲነግረን እንከራከራለን፣ ከራሳችን አፍ ሲወጣ ግን መከራከሪያ እናጣለን።

ዕቅዱ ትንሽና ግልጽ ይሁን። «እቀንሳለሁ» ዕቅድ አይደለም። የእኔ ይህ ነበር፦ «ቁልፌን ሳስቀምጥ ጫማዬን አወልቃለሁ፤ ጫማዬን ሳወልቅ እበላለሁ።» ሳቁ እንጂ፣ እኔም ስቄ ነበር። ግን ረሃብ፣ ንዴት፣ ብቸኝነትና ድካም መጠጥ የሚጠሩት በስማቸው አይደለም፤ ሁሉም «አንድ ብቻ» እያሉ ነው የሚመጡት። አምሮት ደግሞ እንደ ማዕበል ነው፣ ይነሣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይወርዳል። ከኮቼ ጋር የነበረን ውል ከጠጣሁ በኋላ ሳይሆን ከመጠጣቴ በፊት እንድጽፍለት ነበር። አንድ ምሽት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ «አልቻልኩም» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ አንድ ቃል ነበር፦ «በላህ?» አልበላሁም ነበር።

ኮች ስትመርጡ ስለ ምስክር ወረቀቱ ብዙ አትጨነቁ፤ በብዙ አገር ስሙን ለመያዝ ፈቃድ ስለማይጠየቅ ወረቀቱ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ይልቅ ይህን ጠይቁ፦ ግባችሁ መቀነስም ይሁን ጨርሶ መተው አብራችሁ ትወስናላችሁ ወይ? ሥራው መቼ እንደሚያበቃ ይነግራችኋል ወይ? ቅድም ካልኩት የሐኪም ጉዳይ ጋር ይህ ይበቃል።

በ41ኛው ቀን ጠጣሁ፣ ድግስ ላይ። በማግስቱ «ሁሉም ነገር ገደል ገባ» ብዬ ደወልኩ። ኮቼ አልተቆጣም፣ አላጽናናኝምም። እንደ ማክሰኞዋ ከመጀመሪያው ንገረኝ አለ። ማን ቀዳልህ፣ ስንት ጠጣህ የሚል ጥያቄ እየጠበቅኩ «በምን ሄድክ?» አለኝ። በታክሲ አልኩት። «መኪናህስ?»

ቤት ትቻት ነበር የሄድኩት። ከሰዓት በኋላ፣ ገና ሸሚዝ ስተኩስ፣ ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ።