«ጆሮዬን አምጡልኝ»፦ የመስሚያ መሣሪያ ቤት ውስጥ ስናጸዳ የምንሳሳታቸው ነገሮች

እማዬ የመስሚያ መሣሪያዋን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ጆሮዬን አምጡልኝ» ነው የምትለው። ጠዋት አማትባ፣ አቡነ ዘበሰማያቷን ደግማ እንዳበቃች ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ እሱ ነው።

እሷ የምትኖረው ፍኖተ ሰላም ነው፣ እኔ ባሕር ዳር። መሣሪያዋ ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጠው ዓይነት ነው። ከእሱ ቀጭን ቱቦ ይወጣና በጆሮዋ ልክ ከተሠራ ፕላስቲክ ጋር ይገናኛል። ፕላስቲኩን ባለሙያዎቹ ሞልድ ይሉታል፤ እኛም ለመድነው። እስካሁን ሁለት ጊዜ ተበላሽቶብናል። ሁለቱንም ጊዜ ያበላሸነው እኛው ነን። ያውም ቸል ብለን አይደለም። ስናጸዳው፣ ስናደርቀው፣ ስንሳሳለት ነው። ከዚህ በታች የማወራው አብዛኛው ስህተት የሰነፍ አይደለም፤ የትጉህ ነው።

በአረቄ መወልወል

የመጀመሪያው ጥፋት የአጎቴ ነው። እኛ ቤት ለጉንፋኑም ለሆድ ቁርጠቱም መድኃኒቱ አረቄ ነው። አጎቴ «ጀርሙን ይገድላል» ብሎ ጥጥ አረቄ ውስጥ ነከረና መሣሪያውን ከላይ እስከ ታች ፈተገው። አብረቀረቀ። በማግስቱ እማዬ «ሰው ሁሉ ጋን ውስጥ ገብቶ ነው እንዴ የሚያወራው?» አለች።

አልኮል ቀጭን ነው። ድምፅ በሚገባባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሾልኮ ማይክራፎኑ ጋ ይደርሳል። ሞልዱንና ቱቦውንም ያደርቃቸዋል፤ ውለው አድረው ይሰነጠቃሉ። ከኮሮና ወዲህ በየኪሳችን የገባው ሳኒታይዘርም ያው አልኮል ነው። ሽቶ ያለው እርጥብ ሶፍትም አይበጅም። ለመሣሪያው አካል የሚያስፈልገው ደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ነው። ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ የነጠላ ቁራጭ ካላችሁ ከእሱ የሚሻል የለም። ማታ ከጆሮ ሲወጣ ላቡን ጠረግ ማድረግ፣ በቃ።

ሁሉንም አንድ ላይ ማጠብ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ነው።

ሞልዱ ይታጠባል። መሣሪያው አይታጠብም። ቁም ነገሩ ሁለቱን ማለያየቱ ላይ ነው። መሣሪያውን በአንድ እጅ ያዙ። ጫፉ ላይ እንደ መንጠቆ የጎበጠች ጠንካራ ፕላስቲክ አለች፤ ለስላሳው ቱቦ የተሰካው እሷ ላይ ነው። በሌላው እጅ ቱቦውን ልክ ከመንጠቆዋ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያዙና ጠምዘዝ እያደረጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። እህቴ መጀመሪያ ሰሞን ሞልዱን ይዛ ነበር የምትጎትተው። አንድ ቀን ቱቦው ከሞልዱ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። እሱን መመለስ የባለሙያ ሥራ ነው።

ከተለያየ በኋላ ሞልዱን ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና እጠቡት። በረኪና አይነካውም፣ የፈላ ውሃም እንዲሁ። በደንብ ይለቅለቅ። ከዚያ ቱቦው ውስጥ የቀረችው ጠብታ መውጣት አለባት። በአፍ እፍ ማለት ይቀለናል፤ ግን ትንፋሽ ራሱ እርጥብ ነው። እኛ የምንጠቀመው የሕፃን አፍንጫ የሚጸዳበትን የጎማ መምጠጫ ነው፤ አዲስ፣ ለዚህ ብቻ የተገዛ። ጫን ሲሉት አየር ይተፋል፣ ጠብታዋም ትወጣለች። ሞልዱ ሌሊቱን ሲደርቅ አድሮ ጠዋት ይገጠማል።

በሁለቱም ጆሮ የሚጠቀም ሰው ካለ ሁለቱን ሞልዶች አንድ ሳህን ውስጥ አትዘፍዝፏቸው፤ ይቀያየራሉ። ምልክትም አላቸው፦ ቀይ ለቀኝ፣ ሰማያዊ ለግራ። ቀይና ቀኝ ሁለቱም በ«ቀ» ይጀምራሉ። እማዬ ፊደል ባትቆጥርም ይህቺን ይዛታለች።

ይህ ሁሉ ግን ቱቦ ላለው መሣሪያ ነው። በቱቦ ፈንታ እንደ ሽቦ የቀጠነ ገመድ ያላቸውና ጫፋቸው ላይ ትንሽ የሲሊኮን ቆብ ያለባቸው መሣሪያዎች ውሃ አይነካቸውም። ድምፅ ማጉያቸው ያለው ጆሮ ውስጥ በሚገባው ጫፍ ላይ ነው። ቆቡ ይቀየራል፤ ከሥሩ ያለችው የኩክ ማጣሪያም ስትደፈን ትቀየራለች።

በመርፌ መጎርጎር

ቀዳዳው ተደፍኖ ስናይ እጃችን ወደ መርፌ ይሄዳል። ወስፌ ያነሣም አይቻለሁ። መርፌ ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ከኋላው ያለውን ስስ ነገርም ይበሳል። ከመሣሪያው ጋር የመጣች ትንሽ ብሩሽ አለች፤ ከጠፋች አዲስ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይሆናል። ቀዳዳውን ወደ መሬት ደፍታችሁ ቦርሹ፣ የተራገፈው ወደ ታች እንዲወድቅ። ወደ ላይ ካዞራችሁት ቆሻሻውን መልሳችሁ ቀዳዳው ውስጥ እየጠረጋችሁት ነው። ጊዜውም ጠዋት ይሻላል። ኩክ ሌሊቱን ስለሚደርቅ በቀላሉ ይራገፋል፤ ማታ ገና እርጥብ ሳለ ግን ይለጠፋል።

ሲርስ ጤፍ ውስጥ መቅበር

ሁለተኛው ጥፋት የእኔ ነው። ሐምሌ ነበር። የጎጃምን ክረምት መቼም ታውቁታላችሁ፤ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዛት። ጆሮዋ ላይ ያለው መሣሪያ ረሰረሰ። ስልክ ሲርስ ሩዝ ውስጥ ይቀበራል ሲባል ሰምቻለሁ። ቤት ውስጥ ሩዝ አልነበረም። ጤፍ ግን አለ፣ እንቁላል የምናስቀምጥበት ጤፍ። ቀበርኩት።

ጠዋት ሳወጣው የባትሪው ቤት ውስጥ ጤፍ፣ የማይክራፎኑ ቀዳዳ ላይ ጤፍ፣ ቱቦው ውስጥ ሳይቀር ጤፍ። ጤፍ ስሙን ያገኘው «ጠፋ» ከሚለው ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ ያን ቀን አመንኩ። ባለሙያው በማጉያ መነጽር እያየ አንድ በአንድ ሲለቅመው እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

ሩዝም ቢሆን ዱቄት አለው፣ አይሆንም። ሲርስ ወዲያው አጥፍቶ ባትሪውን ማውጣት፣ የባትሪውን በር ከፍቶ መተው፣ ላዩን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው። ከዚያ ክዳኑ ጥብቅ የሚል ብልቃጥ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር ያድራል። ሲሊካ ጄል በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛት ፍሬ ፍሬ ያለባት ትንሽ ከረጢት ናት። ከካርቶኑ ወጥታ ከሰነበተች ግን እርጥበቱን ጠጥታ ጨርሳለች፤ መሣሪያው የተገዛበት ቦታ ለዚሁ የተዘጋጀውን መግዛት ይሻላል። ባትሪውን አብራችሁ ብልቃጡ ውስጥ አትጨምሩት፣ እሱን ያደርቀዋል።

ምድጃ ዳር፣ ከሰል አጠገብ፣ የፀጉር ማድረቂያ ሥር ማስቀመጥ ደግሞ ፕላስቲኩን ማቅለጥ ነው። ፀሐይም እንደዚሁ። ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ፣ ዓባይ በረሃን ስትወርዱ መኪናው መስታወት ሥር እንዳትተዉት።

ዝናብ ሳይነካውም ሊርስ ይችላል። በብርድ ጠዋት ከጆሮ የሚወጣው ሙቀት ቱቦው ውስጥ ጤዛ ይሆናል። ኪዳን ቆማ ድምፁ ቁርጥ ቁርጥ ካለባት እማዬ አሁን አትደነግጥም። ቤት ትመለስና ጎማዋን ታነሣለች።

መጀመሪያ መሣሪያ፣ ቀጥሎ ቅቤ

ተቃራኒው ነው ትክክሉ። ለጋ ቅቤ አናት ላይ ተቀምጦ ሲቀልጥ መውረጃው ከጆሮ ጀርባ ነው። ማይክራፎኑ ያለውም እዚያው። ስለዚህ ቅቤው መጀመሪያ ይቀባ፣ ራስ በሻሽ ይታሰር፣ የተረፈው ይጠረግ፣ እጅ ይታጠብ። መሣሪያው መጨረሻ። ቅባቱም፣ ሎሽኑም እንዲሁ። በርበሬ ሲወቀጥ፣ እህል ሲበራይ ብናኙ ብዙ ስለሆነ አውልቆ ማስቀመጥ ይሻላል። ጠበል ከመግባት በፊትማ ማንም አይረሳውም ትላላችሁ። ይረሳል! ሰው ጆሮው መሆኑን ከለመደ መሣሪያ መሆኑን ይዘነጋል።

ሻሹ ጠብቆ ማይክራፎኑን ከሸፈነው መሣሪያው ያፏጫል። አንድ የምናውቃቸው የኔታም ጥምጥማቸው እንዲሁ ያስቸግራቸው ነበር፤ ተማሪው ቅኔ ሲዘርፍ የእሳቸው ጆሮ ያፏጫል። ከፍ አድርገው መጠምጠም ሲጀምሩ ተወ። ፉጨት ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። ወይ ተሸፍኗል፣ ወይ ሞልዱ በትክክል አልተቀመጠም፣ ወይ ጆሮው ኩክ ሞልቷል። ቱቦው ደርቆ ቢጫ ከሆነም ይሰነጠቅና ድምፅ ያሾልካል፤ በየጥቂት ወሩ መቀየር አለበት።

የባትሪውን ወረቀት ቀድሞ መላጥ

እነዚህ ክብ ባትሪዎች የሚሠሩት በአየር ነው። ጀርባቸው ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ስትላጥ አየር ይገባና ሥራ ይጀምራሉ። አንዴ ከጀመሩ ተጠቀማችሁም አልተጠቀማችሁም ይደክማሉ። መልሶ መለጠፉ ብዙም አይረዳም። ልጆች «እስቲ የትኛው ይሠራል?» ብለው ስድስቱንም ከላጡት የብዙ ሳምንት ቀለብ ሄደ ማለት ነው። ሌላው ስህተት ደግሞ እንደላጡ ወዲያው መክተት ነው። አምስት ደቂቃ ያህል አየር ይውሰድ፣ ከዚያ በሩ ይዘጋ።

ቁጥሩም ይታይ። የወረቀቷ ቀለም ይነግራችኋል፦ ቢጫ 10፣ ቡናማ 312፣ ብርቱካናማ 13፣ ሰማያዊ 675። 312 እና 13 ስፋታቸው እኩል ስለሆነ ያሳስታሉ፤ 312 ቀጠን ያለች ናት፣ በ13 ቤት ውስጥ ትንገጫገጫለች። ማታ ማታ የባትሪውን በር ክፍት አድርጎ ማሳደር ባትሪውንም ይቆጥባል፣ እርጥበቱንም ያስወጣል። ለብዙ ቀን የማይደረግ ከሆነ ባትሪው ከነጭራሹ ይውጣ፤ ውስጥ ከቆየ አፍስሶ ያዝጋል።

አንድ ነገር ግን ቀልድ የለውም። ባትሪውን ከመድኃኒት ክኒን አጠገብ አታስቀምጡ። ዓይኑ የደከመ አዛውንት ክኒን መስሎት ይውጠዋል፣ ሕፃንም አፉ ውስጥ ይከተዋል። ከተዋጠ «በሆድ ይወጣል» ተብሎ አይጠበቅም፣ ጉሮሮን ያቃጥላል። በዚያው ቅጽበት ወደ ሐኪም ቤት።

መሣሪያውን አጽድቶ ጆሮውን መበሳት

የክብሪት እንጨት፣ የዶሮ ላባ፣ የፀጉር መርፌ፣ ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት፦ ሁሉም ኩኩን ወደ ውስጥ የሚጠቀጥቁ ናቸው። መሣሪያ የሚያደርግ ሰው ጆሮ በተፈጥሮው ኩኩን ገፍቶ ለማውጣት ይቸገራል፤ ስለዚህ በየጊዜው በባለሙያ መታየት አለበት። ጆሮው መግል ካለው ወይ ካመመ መሣሪያው ይቆይ፣ ጆሮው ይታከም።

ሲሰበር ደግሞ ሱፐር ግሉም፣ ሞባይል ጠጋኙም ይቅሩ። እውነት ነው፣ ከገጠር ተነሥቶ ባለሙያ ጋ መድረስ ቀን ይፈጃል። በሙጫ የተደፈነ ማይክራፎን ግን ሄዳችሁም አይድንም።

ማታ ማታ ክዳን ያለው ነገር ውስጥ አስቀምጡት። ውሻና ድመት የኩክ ሽታ ይስባቸዋል፤ አግኝተው ሲያኝኩት ታገኟቸዋላችሁ። እማዬ ለዚህ ሙዳይ አላት። ብሩሿ፣ ጎማዋ፣ የነጠላ ቁራጯ፣ ብልቃጧ እዚያ ውስጥ ናቸው። ባትሪው ለብቻው ቁም ሳጥን ላይ ነው፣ የልጅ እጅ በማይደርስበት። ባለፈው ስሄድ ሙዳዩን ልጥረግላት ብዬ ጨርቁን ሳነሣ ከሥሩ ሁለት የጤፍ ፍሬ አገኘሁ። ሆን ብላ እንዳስቀረቻቸው እጠረጥራለሁ።