ከጓሮ የወጣው የከሰል ካውያ ክዳን እንዴት ተከፈተ

ሐረር ጀጎል ውስጥ ከጓሮ አፈር ሥር የወጣው የከሰል ካውያ ክዳኑ በዝገት ተጣብቆ ነበር። በመዶሻ መምታት አያዋጣም፤ ቀልጦ የተሠራ ብረት ይሰነጠቃል። ጭቃው ደርቆ በብሩሽ ተራገፈ። ማጠፊያው ላይ ላምባ ጠብ ጠብ ተደርጎ አደረ፤ ጠዋት ክዳኑ ወዲያ ወዲህ ሲባል ለቀቀ።

የእንጨት እጀታው ተፈትቶ፣ ላምባው በሳሙና ታጥቦ፣ ብረቱ አቼቶ ውስጥ 24 ሰዓት ተነከረ። ብዙ ከቆየ አሲዱ ጤነኛውንም ብረት ይበላል። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ከለቀቀ በኋላ፣ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ ማለቅለቅ ግድ ነው፤ ያለዚያ ቶሎ ይዝጋል። ወዲያው ደርቆ የምግብ ዘይት በስሱ ይቀባ። ልብስ ከመተኮሱ በፊት ግን ዘይቱ ይጠረግ።

አብሮ የወጣ የሸክላ ጀበና ካለ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ የድንገት ፀሐይ ይሰነጥቀዋል።