ከአዲስ አበባ ሆኖ የኦንላይን ሚና ጨዋታን ሳይማረሩ እንዴት መጫወት ይቻላል

ቦሱ፣ ማለትም ዋናው ጠላት፣ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ስክሪኑ ቀጥ ይላል። ተመልሶ ሲንቀሳቀስ ገጸ ባሕርያችሁ መሬት ላይ ተዘርግቷል፣ ቡድኑ አልቋል፣ የመልእክት ሳጥኑ በስድብ ተሞልቷል። ብዙም ሳይቆይ ከቡድኑ መባረራችሁን የሚገልጽ ጽሑፍ ይመጣል። ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ የሚጫወታቸውን የሚና ጨዋታዎች፣ ለምሳሌ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትን፣ ፋይናል ፋንታሲ 14ን፣ አልቢዮን ኦንላይንን ወይም ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕን ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳ ወይም ከካዛንቺስ ሆኖ የሚጫወት ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል። እኔን የሚቆጨኝ ብዙ ጎበዝ ወጣቶች ጥፋቱን በራሳቸው ችሎታ አሳብበው ጨዋታውን እርግፍ አድርገው መተዋቸው ነው። መንስኤው ከተለየ አብዛኛው ብስጭት መፍትሔ አለው። ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሞክሩት፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች ግን ማንም እንዳይዘላቸው አደራ እላለሁ።

1. ጥፋቱ የት እንዳለ ለዩ

ጨዋታው ሲንቀራፈፍ ሁሉም ሰው ቶሎ ብሎ የኢንተርኔት አቅራቢውን ይወቅሳል። አንዳንዴ ልክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ለማወቅ የሚያስፈልገው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። በኮምፒውተራችሁ ላይ የትእዛዝ መጻፊያውን መስኮት (ኮማንድ ፕሮምፕት) ክፈቱና የፒንግ (ping) ትእዛዝን ከራውተራችሁ አድራሻ ጋር ጻፉ፤ ይህ መልእክት ደርሶ ለመመለስ የሚወስድበትን ጊዜ ይለካል። አድራሻው ራውተሩ ጀርባ ላይ ተለጥፏል፤ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ነው። መልሱ ከጥቂት ሚሊ ሴኮንድ በላይ መውሰድ የለበትም። አንዴ 3፣ አንዴ 90፣ አንዴ 250 እያለ የሚዘል ከሆነ ችግሩ በእናንተና በራውተሩ መካከል ያለው ዋይፋይ ነው፤ ባሕር ማዶ ያለው ሰርቨር፣ ማለትም ጨዋታውን የሚያስኬደው ኮምፒውተር፣ ምንም አላደረገም።

ራውተሩ ደህና ከሆነ ያንኑ ትእዛዝ ወደ ውጭ ላኩት፤ ለምሳሌ ወደ ጎግል አድራሻ 8.8.8.8። እዚህ ላይ ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ መረጋጋቱን ተመልከቱ። 180 ላይ ጸንቶ የሚቆይ መስመር 120 ጀምሮ ድንገት 600 ከሚደርስ መስመር እጅግ ይሻላል። የጸናውን መዘግየት እጅ ይለምደዋል፤ ለሚዘለው ግን ምንም ዓይነት ልምምድ አይረዳም። በየመሀሉ መልስ ሳይመጣ ጊዜው ካለፈ ደግሞ መረጃው መንገድ ላይ እየጠፋ ነው፤ ጨዋታ የሚቆረጠው በዚህ ነው።

ርቀቱን ግን ማንም አይቀንሰውም። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በአየር 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ገመዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳን ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊ ሴኮንድ በታች አይወርድም። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ያለ አይደለም። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ በጎረቤት አገሮች በኩል ወጥቶ ነው የባሕር ውስጥ ኬብሉን የሚያገኘው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ሲበጠሱ ምሥራቅ አፍሪካን ጨምሮ ብዙ አካባቢ ተጎድቷል። የውጭ አገልግሎቶች በሙሉ በአንድ ጊዜ ከተንቀራፈፉ ቅንብር መነካካቱ ዋጋ የለውም፤ የዚያን ቀን የሚጣደፍ ውጊያ ውስጥ አትግቡ።

2. ቤታችሁን አስተካክሉ

ከሁሉም የሚበልጠው መፍትሔ ከሁሉም ርካሹ ነው፤ የኔትወርክ ኬብል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ በየፎቁ፣ በየበሩ ራውተር አለ፤ ሁሉም በአንድ አየር ላይ ይጯጯኻሉ። ከራውተሩ እስከ ኮምፒውተሩ ኬብል መዘርጋት ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ ይገላግላል። ኬብል የማይቻል ከሆነ ራውተሩ ባለ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ እንዳለው አረጋግጡና ወደዚያ ተሻገሩ፤ ግድግዳ አልፎ ሩቅ ባይሄድም ጭንቅንቁ ይቀንሳል።

ቀጥሎ ቤት ውስጥ ማን ምን እያወረደ እንደሆነ እዩ። የጨዋታ መልእክት በጣም ትንሽ ነው፤ ግን ከኋላ የመጣ ስለሆነ ተራውን ይጠብቃል። ወንድምህ ቪዲዮ ወደ ቴሌግራም እየሰቀለ ከሆነ ያንተ "ተከላከል" የምትለው ትእዛዝ ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ሰልፍ ላይ ባለ ጆንያው ሁሉ እስኪሳፈር እንደሚጠብቅ ባዶ እጁን የቆመ ሰው ትሆናለች። የስልኮችን ፎቶ በራሱ የሚያስቀምጥ አገልግሎት፣ የዊንዶውስ ማሻሻያና የቴሌግራም በራስ ሰር ማውረድ ዋነኞቹ ጥፋተኞች ናቸው። በጨዋታ ሰዓት አቁሟቸው። ራውተሩ ለአንድ መሣሪያ ቅድሚያ የመስጠት ቅንብር ካለው ደግሞ ኮምፒውተራችሁን አስቀድሙ። ቤተሰብን ማስፈቀድም አይርሳ፤ "ከምሽቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ትልቅ ፋይል አትስቀሉብኝ" ብሎ በትሕትና መጠየቅ ከማንኛውም ቅንብር በላይ ሲሠራ አይቻለሁ።

የመብራት ነገርስ? ላፕቶፕ ባትሪ አለው፤ መብራት ሲሄድ የሚሞተው ራውተሩ ነው። ለራውተር ተብሎ የሚሸጥ አነስተኛ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ፣ ግዙ። ከመግዛታችሁ በፊት በራውተሩ አዳፕተር ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አንብቡ፤ አብዛኛው 12 ቮልት ቢሆንም 9 ቮልት የሆነም አለ፣ ካልገጠመ ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል። ፋይበሩ የሚገባበት ሣጥን ከራውተሩ የተለየ ከሆነ እርሱም ከዩፒኤሱ ኃይል ማግኘት አለበት። ለክፉ ቀን ደግሞ የስልካችሁን ዳታ በዩኤስቢ ገመድ ወደ ኮምፒውተሩ ማስተላለፍን አስቀድማችሁ ተለማመዱ። ጨዋታው ራሱ የሚበላው ዳታ ትንሽ ነው፤ ፓኬጅ የሚጨርሰው ማሻሻያው ነው።

3. ርቀትን ይቅር የሚል ጨዋታና ሰርቨር ምረጡ

ጨዋታዎች ለመዘግየት ያላቸው ትዕግሥት እኩል አይደለም። ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ውስጥ ዓለሙ የሚንቀሳቀሰው በየ0.6 ሴኮንዱ ነው። 200 ሚሊ ሴኮንድ የዘገየ ትእዛዝም ብዙውን ጊዜ በዚያው ምት ውስጥ ይገባል። ጨዋታው ቀላል ነው፣ በስልክም ይሠራል፣ ያለ ክፍያ የሚጫወቱት ሰፊ ክፍልም አለው። ስለዚህ ለጀማሪ የአዲስ አበባ ተጫዋች ያለ ማንገራገር የምመክረው እርሱን ነው። ስትገቡ ከዝርዝሩ በጀርመን ወይም በብሪታንያ ያለውን "ዓለም" (ሰርቨር) ምረጡ።

አልቢዮን ኦንላይን ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ የራሱ ሰርቨር አለው። በአንዱ ሰርቨር ያሳደጋችሁት ገጸ ባሕርይ ወደ ሌላው ስለማይዛወር ገና ስትጀምሩ አስተውላችሁ ምረጡ። በዚህ ጨዋታ ቀይና ጥቁር ቀጣና ውስጥ የተገደለ ሰው የለበሰውንም የተሸከመውንም ያጣል። መስመራችሁ የሚቆራረጥ ከሆነ ሰማያዊና ቢጫው ቀጣና ውስጥ ቆዩ። ወደ ጥቁሩ ከገባችሁም ቢጠፋ የማታለቅሱለትን ልብስ ብቻ ልበሱ። መስመር ሲቋረጥ ገጸ ባሕርያችሁ ከሜዳው ወዲያው አይሰወርም፤ የሚያሳድዳችሁ ሰው ግን ወዲያው ይደርሳል።

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ላይ አንዱ ችሎታ ሳያልቅ ቀጣዩን መጫን ይቻላል፤ ጨዋታው ሲጀመር ባለው ቅንብር እስከ 400 ሚሊ ሴኮንድ ቀድሞ የተጫነን ቁልፍ ተቀብሎ ያሰልፈዋል። ስለዚህ ቁልፉ እስኪፈታ አትጠብቁ፤ ሊፈታ ሲል ተጫኑ። ፋይናል ፋንታሲ 14 ላይ ደግሞ ብዙ ጀማሪ የሚያማርርበት ነገር አለ፤ "ከቀዩ ክበብ ወጥቼ ሳለ መታኝ" ይላል። ሰርቨሩ የቆማችሁበትን ቦታ የሚመዘግበው የቦሱ መሙያ መስመር በሞላባት ቅጽበት ነው፣ እሳቱ ስክሪን ላይ ሲፈነዳ አይደለም። ከሩቅ የምትጫወቱ ከሆነ ሰርቨሩ የሚያየው ትንሽ ወደኋላ የቀረ እናንተነታችሁን ነው። መስመሩ ሊሞላ ሲቃረብ ሳይሆን ክበቡ እንደታየ ውጡ። አንድ ምሽት ይህን ብቻ እያሰባችሁ ብትጫወቱ ከዚያ በኋላ የምትሞቱት በጣም ያነሰ ነው።

4. ሚናችሁን ከመስመራችሁ ጋር አስማሙ

ቡድን ውስጥ ታንኩ ጠላትን በራሱ ላይ ይይዛል፣ ሂለሩ ያክማል፣ የቀሩት ይመታሉ። ታንክ ለአምስት ሴኮንድ ከጠፋ ቡድኑ ያልቃል፤ ከሩቅ ቀስት የሚወረውር ተጫዋች ለአምስት ሴኮንድ ቢጠፋ ውጊያው ትንሽ ይረዝማል እንጂ ሌላ አይሆንም። መስመራችሁ እስኪጸና ድረስ ከሩቅ የሚመታውን ሚና ያዙ። ታንክ መሆን የምትወዱ ከሆነ ከምታውቋቸው ጓደኞች ጋር ብቻ ሁኑ።

ከማያውቋችሁ ጋር ስትገቡ ከውጊያው በፊት መስመራችሁ ሊቋረጥ እንደሚችል በአንድ አጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ንገሯቸው። አስቀድሞ የተነገረውን ሰው ብዙዎች ይታገሣሉ፤ ሳይነገር የጠፋውን ያባርራሉ። የሚሰድብ ሰው ካጋጠማችሁ አትመልሱለት፤ ድምፁን ዝጉበት፣ ስድቡ ዘርን ወይም አገርን የሚነካ ከሆነ ለጨዋታው አስተዳደር ሪፖርት አድርጉ፣ ቀጥሉ። ዘላቂው መፍትሔ ግን ጥሩ ጊልድ፣ ማለትም ዘወትር አብሮ የሚጫወት ማኅበር፣ ነው፣ ለዚያም ሰዓት ወሳኝ ነው።

5. ሰዓቱን አስሉ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቀጠሮ ያመልጠዋል። ቀላሉ ሒሳብ ይኸውላችሁ፤ ጨዋታው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) የሚያወጣውን ሰዓት ያዙና 3 ቀንሱ፣ ውጤቱ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 12 ቀንሱ፣ ከ1 ካነሰ 12 ጨምሩ፣ የእኛን ሰዓት ታገኛላችሁ። 18፡00 ከተባለ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። የፋይናል ፋንታሲ 14 የዕለት ሥራ የሚታደሰው 15፡00 ላይ ስለሆነ ለእኛ ልክ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ የሳምንቱ ደግሞ ማክሰኞ ከጠዋቱ 5 ሰዓት።

ጊልዱ በአውሮፓ ሰዓት የሚቀጥር ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። እኛ ሰዓታችንን አንለውጥም፣ እነርሱ ይለውጣሉ። በጀርመን ሰዓት 20፡00 የተያዘ ቀጠሮ በበጋቸው ለእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በክረምታቸው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ለውጡ የሚመጣው በመጋቢትና በጥቅምት አጋማሽ ገደማ ነው። ጠዋት ሥራ ወይም ትምህርት ያለው ሰው በክረምታቸው ከብሪታንያ ጊልድ ጋር በእነርሱ 20፡00 የሚጀምርና ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ውጊያ ቢይዝ ሲያልቅ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኖ ያገኘዋል። ወደ ጊልድ ከመግባታችሁ በፊት ውጊያው በስንት ሰዓት አልቆ እንደሚበተኑ ጠይቁ፤ የሚጀምሩበትን ሁሉም ይናገራል፣ የሚያበቁበትን ግን ካልጠየቃችሁ ማንም አይነግራችሁም።

6. ክፍያ

የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው ተጫዋች በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋበትም። በኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ቦንድ የሚባለውን ዕቃ በጨዋታው ገንዘብ ከገበያ ገዝቶ ለ14 ቀን የአባልነት ጊዜ መለወጥ ይቻላል፤ በነጻው ክፍል ላለ ሰው ረጅም ሥራ ቢሆንም በሕጉ የተፈቀደ ነው። አልቢዮንም ፕሪሚየም የሚባለውን የክፍያ አባልነት በጨዋታው ገንዘብ (ሲልቨር) ለሚገዛ ሰው ክፍት ነው። ጊልድ ዋርስ 2 መነሻውን ጨዋታ በነጻ ይሰጣል። ፋይናል ፋንታሲ 14 ደግሞ እስከ ደረጃ 70 የሚያደርስ ነጻ ሙከራ አለው።

በቴሌግራም "ርካሽ ወርቅ" (የጨዋታ ገንዘብ) ከሚሸጡ ራቁ። ከእንዲህ ያለ ሻጭ ወርቅ በእውነተኛ ገንዘብ መግዛት የጨዋታውን ሕግ መጣስ ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሻጩ የከፈለበት ካርድ የተሰረቀ ከሆነ ክፍያው ይሰረዛል፣ የሚዘጋውም የእናንተ አካውንት ነው። ወራት የለፋችሁበት ሁሉ በአንድ ሌሊት ይሄዳል፣ ብራችሁም አይመለስም።

7. አካውንታችሁን ጠብቁ

ሩንስኬፕ ውስጥ ዕቃ ስትለዋወጡ ሁለት ስክሪን ይመጣል። አጭበርባሪው በመጀመሪያው ላይ ውዱን ያሳያችኋል፤ ከዚያ ሐሳቡን የለወጠ መስሎ ያወጣዋል፣ በሚመስለው ርካሽ ዕቃ ይተካዋል፣ "ፍጠን" እያለ ያጣድፋችኋል። ሁለተኛውን ስክሪን ስምና ብዛቱን እያነበባችሁ እለፉ። "ስጠኝና እጥፍ አድርጌ እመልስልሃለሁ" የሚል ሁሉ ሌባ ነው፣ ያለ ምንም ልዩነት።

ኢንተርኔት ካፌ የምትጫወቱ ከሆነ የይለፍ ቃል እንዲቀመጥ አትፍቀዱ፣ ስትነሡም ውጡ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን አሁኑኑ አብሩ፤ ከአጭር መልእክት ይልቅ ኮድ የሚያመነጭ መተግበሪያ ይሻላል። ሲያበሩት የሚሰጠውን የመጠባበቂያ ኮድ ወረቀት ላይ ጻፉና ከስልካችሁ የተለየ ቦታ አስቀምጡ። ስልክ ስታዲየም አካባቢ በአንድ ቅጽበት ከእጅ ይመነተፋል፤ ኮዱ ስልኩ ውስጥ ብቻ ከነበረ አካውንቱም አብሮ ይሄዳል። የምትመዘገቡበት ኢሜይልም የራሱ ማረጋገጫና ሌላ ቦታ ያልተጠቀማችሁበት የይለፍ ቃል ይኑረው።