ድብልቅ ነው ወይስ ውህድ? ተማሪ የሚሳሳትባቸው ቦታዎችና መፍትሄያቸው

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ማታ ማታ የሰፈር ልጆችን ኬሚስትሪ አስጠናለሁ። ትርጉም ከጠየቃችኋቸው እንደ ዳዊት ይደግሙላችኋል። «ድብልቅ በአካላዊ ዘዴ ይለያል፣ ውህድ ግን በኬሚካላዊ ዘዴ ብቻ።» ጎበዞች። ከዛ አንድ ብርጭቆ ሻይ ፊታቸው አስቀምጡና «ይሄስ?» በሏቸው። ግማሹ ድብልቅ ይላል፣ ግማሹ ውህድ ይላል፣ አንዱ ደግሞ ሁልጊዜ «ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይመጣል?» ይላል።

ችግሩ ትርጉሙ ላይ አይደለም። ልጆቹ የሚፈርዱት በዓይናቸው ነው። አንድ የሚመስለውን ሁሉ ውህድ ይሉታል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች፣ ከየት እንደሚመጡና እኔ እንዴት እንደማስተካክላቸው ልጻፍላችሁ። ቤት ልጅ የምታስጠኑ ወላጆችም ትሞክሩታላችሁ፤ አብዛኛው ከማድቤት ዕቃ አያልፍም።

«ስኳሩ ሻዩ ውስጥ ጠፋ፣ ስለዚህ ውህድ ሆነ»

ምክንያት፦ መሟሟትን ከመዋሃድ ጋር ማምታታት። ስኳሩ የትም አልሄደም። ዓይን የማያየው ያህል ደቆ ተበተነ እንጂ ስኳርነቱን አልተወም፤ ምስክሩ ምላሳችሁ ነው።

መፍትሄ፦ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ልኩን ማን ወሰነው?

ባለፈው አንዱ ልጅ ሻዩ ላይ አምስት ማንኪያ ስኳር ሲገለብጥ አየሁት። እህቱ አንድ ብቻ ጨመረች። ሁለቱም የጠጡት ሻይ ነው። ልኩን የወሰነው የልጁ አመል ነው፤ እንዲህ ከሆነ ነገሩ ድብልቅ ነው። አሁን ወደ ውሃው ኑ። 9 ግራም ውሃ ውስጥ ምንጊዜም 1 ግራም ያህል ሃይድሮጅንና 8 ግራም ያህል ኦክስጅን አለ። ከአዋሽ ተቀድቶ ይጣራ፣ ከፍሪጅ በረዶ ይቅለጥ፣ ልኩ ያው ነው፤ ውህድ ማለት እንዲህ ነው። ሃይድሮጅን ትንሽ ይጨመርልኝ ብላችሁ ብትለምኑት አይሰማም፤ የተረፈው ሳይዋሃድ ይቀራል። ለ1 ግራም ሃይድሮጅን 16 ግራም ኦክስጅን የያዘ ነገር ካገኛችሁ ደግሞ እሱ ውሃ መሆኑ ቀርቷል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፣ ፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ አቅጥነው የሚሸጡት።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ጎበዝ ተማሪ «18 ካራት ወርቅ ሁልጊዜ 75 በመቶ ወርቅ ነው፣ ልኩ ቋሚ ነው፣ ስለዚህ ውህድ ነው» ብሎ ይመጣል። ጥሩ ሙግት ነው፣ ደስ ይለኛል። ግን ያንን 75 ያስቀመጠው የሰው ስምምነት ነው። ወርቅ አቅላጩ ሌላውን ብረት ቢያበዛበት 14 ካራት ይሆናል እንጂ ወርቁና መዳቡ አንገባም አይሉም። ናስም እንደዛው ነው፤ መዳብና ዚንክ በፈለጉት መጠን አብረው ይቀልጣሉ።

በቃል አልገባ ካለ ሳህን አምጡ። ጨው ያሟሟችሁበትን ውሃ ስስ አድርጋችሁ አፍስሱበትና ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። አቧራ እንዳይገባበት ሳሳ ያለ ነጠላ ጣል አድርጉበት፣ የኛ ከተማ ንፋስ ይታወቃል፣ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለልን በከንቱ አይደለም። ጠዋት ካወጣችሁት ከሰዓት ደርቆ ታገኙታላችሁ። ጠርዙ ላይ ነጭ ቀለበት ይሰራል፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ጥቃቅን ቅንጣቶች። የስልካችሁን ካሜራ አጉልታችሁ ብታዩዋቸው አብዛኞቹ አራት ማዕዘን ናቸው። ያ ያስገባችሁት ጨው ራሱ ነው። ምንም ሳይሆን ተመለሰ።

ስኳርን ራሱን መለያየት ከፈለጋችሁ ግን ፀሐይ አይበቃም። ያረጀ ማንኪያ ላይ ትንሽ ስኳር አድርጋችሁ እሳት ላይ ያዙት። ይቀልጣል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ይጨሳል፣ መጨረሻ ላይ ጥቁር ነገር ይቀራል። ያ ጥቁር ነገር በአብዛኛው ካርበን ነው። ከሱ ተመልሶ ስኳር አይወጣም። (ማንኪያውን ከእናታችሁ ደብቁ።)

«ውሃ ሲፈላ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተለያየ»

ይሄን የማይል ክፍል የለም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ውሃ ከሁለት ጋዞች እንደተሰራ ተምረዋል፣ ሲፈላ ደግሞ ከስሩ አረፋ እየተነሳ ጋዝ ሲወጣ ያያሉ፣ ሁለቱን ያገናኙታል።

መልሴ አጭር ነው። እውነት እንደዛ ቢሆን ኖሮ ሽሮ የሚሰራበት ማድቤት ሁሉ ይፈነዳ ነበር። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተደባልቀው እሳት ካገኛቸው አይምሩም። የሚወጣው እንፋሎት ውሃው ራሱ ነው፤ ክዳኑ ላይ ተመልሶ ጠብ ጠብ ሲል አይታችኋል። ውሃን በትክክል ለመለያየት ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል፣ ኤሌክትሮሊሲስ ይባላል፣ በአንዱ ጫፍ የሚወጣው ሃይድሮጅን በሌላው ጫፍ ከሚወጣው ኦክስጅን በይዘት እጥፍ ነው።

«ቴርሞሜትሩ 95 ላይ ቆመ፣ ውሃው ንጹህ አይደለም ማለት ነው»

አይ፣ አዳማ ስለሆናችሁ ነው። ከባህር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለነው፣ የአየሩ ግፊት ያንሳል፣ ንጹህ ውሃም 95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። መጽሐፉ ላይ ያለው 100 የባህር ጠለል ነው። ማየት ያለባችሁ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ሳይሆን ይቆማል ወይስ ይሄዳል የሚለውን ነው። ንጹህ ውሃ እየፈላ ቁጥሩ ባለበት ይቆማል። የጨው ውሃ ግን ውሃው ባለቀ ቁጥር ጨውነቱ እየበረታ ስለሚሄድ ቀስ እያለ ይወጣል።

«ብረትና ድኝ አሞቅን፣ ግን ማግኔቱ አሁንም ይስበዋል»

ይሄ የቤተ ሙከራ ችግር ነው። መምህር ሲሰራው ይሳካል፣ ተማሪ ሲሰራው እምቢ ይላል። ሳይሞቅ ያለው የብረት ብናኝና የድኝ ዱቄት ድብልቅ ነው፣ ማግኔት ብረቱን ለቅሞ ያወጣዋል፣ ቢጫው ድኝ ይቀራል። ሲሞቅ አይረን ሰልፋይድ የሚባል ጥቁር ጠጣር ይሆናል፤ ውህድ ነው፣ ማግኔት ለቅሞ ብረቱን ሊያወጣው አይችልም። መጽሐፉ የሚለው ይሄን ነው። እናንተ ጋ ለምን አልሆነም?

መጀመሪያ ልኩን እዩ። ከ7 ግራም ብረት ጋር 4 ግራም ድኝ ነው። በግምት፣ በማንኪያ ከሰራችሁ ብረቱ ይበዛል፣ የተረፈው ብረት አጣማሪ አጥቶ ብረት እንደሆነ ይቀመጣል፣ ማግኔታችሁ የሚስበው እሱን ነው። ይሄን ስነግራቸው ነው ብዙዎቹ የሻዩን ጥያቄ የሚያስታውሱት። ሁለተኛ፣ ሳይሞቅ በፊት በደንብ አልታሸ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ቶሎ ከእሳት አውጥታችሁት ይሆናል። በትክክል ከተነሳ አንዱ ጥግ ሲግል እሳቱን ብታርቁትም ግለቱ በራሱ እየተዛመተ ይሄዳል፣ ያ ካልታየ ገና ነው። ልኩም ሙቀቱም ልክ ሆኖ ማግኔቱ ደከም አድርጎ ቢስበው ግን አትደንግጡ፣ ያጋጥማል።

ሁለት ነገር ልጨምር። ማግኔቱን በወረቀት ወይም በፌስታል ጠቅልሉት፣ አለበለዚያ ብናኙ ተለጥፎበት ስትፍቁ ትውላላችሁ። ማሞቁን ደግሞ ቤት አትሞክሩት። የሚቃጠል ድኝ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል፤ መምህር ባለበት፣ አየር በሚገባበት ቦታ ነው የሚሰራው።

ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጥቶ አሸዋ ውስጥ የጎተተ ልጅም አለኝ። ጥቁር ጥቁር ቅንጣት ተለጥፎበት መጣ፣ «ንጹህ ብረት አገኘሁ» አለ። እንዲህ ያለው ጥቁር አሸዋ ብዙውን ጊዜ ማግኔታይት ነው፣ የብረትና የኦክስጅን ውህድ። ማግኔት የሳበው ሁሉ ብረት አይደለም።

«ኦክስጅን ኦ-ቱ ስለሆነ ውህድ ነው»

ቁጥሩን አትቁጠሩ፣ ዓይነቱን ቁጠሩ። ሁለቱም አቶም ኦክስጅን ነው፣ ስለዚህ ንጥረ ነገር ነው። ኤች-ቱ-ኦ ላይ ሁለት ዓይነት አለ፣ ውህድ ነው። የምንተነፍሰው አየር ደግሞ 78 በመቶ ገደማ ናይትሮጅን፣ 21 በመቶ ገደማ ኦክስጅንና ሌላ ሌላም ያለበት ድብልቅ ነው። አለቀ።

«አረፋ ካየሁ ውህድ ተፈጥሯል»

አንዳንዴ ልክ ነው፣ አንዳንዴ አይደለም፣ ለዚህ ነው የሚሸውደው። ሎሚ ቤኪንግ ሶዳ ላይ ስታንጠባጥቡ የሚፈላው ከዚያ በፊት ያልነበረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ አዲስ ነገር ተሰርቷል። አምቦ ውሃ ስትከፍቱ የሚፈላውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ግን እሱ ውስጡ ተሟሙቶ ታምቆ የነበረ ነው፤ ቆርኪው ሲነሳ ወጣ። ስለዚህ አረፋ ስታዩ ጋዙ ቀድሞ ነበር ወይስ አሁን ተሰራ በሉ።

«ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ አፍልተነዋልም፣ ንጹህ ውህድ ነው»

ይሄኛው ከፈተና ያለፈ ጉዳይ ነው። ወንጂና ሌላም የስምጥ ሸለቆ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ጠጥተው ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው በልዞ አይታችኋል። ምክንያቱ ከአለቱ ወደ ውሃው የገባ ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር እንዳይበልጥ ይመክራል። ተሟሙቶ ስላለ ውሃው ኩልል ብሎ ይታያል፣ በጨርቅ ብታጠሉት አብሮ ያልፋል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይወፍራል።

አንዷ ተማሪዬ አያቷ ቤት የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ መሆኑን ነገረችኝና «ታዲያ በምን ይለያል?» አለች። ድስት ጣድን። ውሃው ላይ ሁለት ማንኪያ ጨው ጨመርን፣ ፍሎራይድ ስለማይቀመስ ጨው ይተካልን ብዬ ነው። ፈላ። ክዳኑን ዘንበል አድርጋ ያንጠባጠበውን በንጹህ ብርጭቆ ተቀበለች፣ ቀዝቀዝ ሲል ቀመሰችው፣ ከዛ ከድስቱም በማንኪያ ቀመሰች። ፊቷን አጨማደደች። «የክዳኑ ጨው የለውም» አለች፤ ቀጥላም አንድ ጀሪካን እንዲህ ለማንጠባጠብ ስንት ከሰል እንደሚፈጅ ጠየቀችኝ።