በእርግዝና የሚመጣን የደም ግፊት በጊዜ ለመለየት

ከ20ኛው ሳምንት በኋላ በየክትትሉ ግፊትሽን ተለኪ፤ ሽንትሽም ለፕሮቲን ይመርመር። ከመለካትሽ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አትጠጪ፤ ጀርባሽን ተደግፈሽ፣ እግርሽን ሳታነባብሪ 5 ደቂቃ አረፍ በይ። ክንድሽ ከልብሽ ዝቅ ብሎ ከተንጠለጠለ ቁጥሩ ከእውነተኛው በላይ ይወጣል። 140/90ና ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ 160/110 ከደረሰ ግን ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

የእግር እብጠት ብቻውን ብዙም አያስደነግጥም። የሚያሳስበው የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት፣ በማስታገሻ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታና ከቀኝ ጎድን ሥር የሚሰማ ሕመም ነው። ይህን የመጨረሻውን «ጨጓራ ነው» ብለው የሚያልፉት ብዙ ናቸው።

ቤተሰቦች፣ ነፍሰ ጡሯን ካንቀጠቀጣት በግራ ጎኗ አስተኝታችሁ አምቡላንስ ጥሩ፤ አፏ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ክብሪት ማሽተትም አይረዳም። ከወሊድ በኋላም እስከ 6 ሳምንት ሊከሰት ስለሚችል፣ አራስ ራሷን ሲያማት «ብርድ ነው» አትበሉ፤ ግፊቷን አስለኩ።