ለቮልስ የሌላ መኪና ኮይል ሲገጠም

የቮልስዋገን ቢትል፣ በእኛ አጠራር የቮልስ፣ ኮይል (የባትሪውን ቮልት ከፍ አድርጎ ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠው ዕቃ) ሲሞት የራሱን ዓይነት አዲስ ኮይል ፈልጎ ማግኘት ጊዜ ሊወስድ ይችላል። በአንጻሩ መርካቶ ሶማሌ ተራ ከአሮጌ የጃፓን መኪና የተፈታ ባለ 12 ቮልት ኮይል አይጠፋም። ይህ ኮይል ባለ 12 ቮልት በሆነ ቮልስ ላይ ይሠራል፣ በአግባቡ ከተገጠመም ለዓመታት ያገለግላል። ይሁን እንጂ ሁለት ኮይሎች መልካቸው ተመሳስሎ፣ በላያቸውም 12 ቮልት የሚል ጽሑፍ ኖሮ፣ ውስጣቸው ፈጽሞ ሊለያይ ስለሚችል፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሬዚስታንሱን፣ ማለትም ኩረንትን የሚቋቋምበትን በኦም የሚለካ መጠን፣ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) መለካት ግዴታ ነው።

በመጀመሪያ ግን ጥፋቱ በእርግጥ የኮይሉ መሆኑን ያረጋግጡ። ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋና ከቀዘቀዘ በኋላ የሚነሳ መኪና የኮይል ችግር ያለበት ይመስላል፤ የደከመ ኮንደንሰርም (ብልጭታውን ለካንዴላዎች በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ላይ የሚታሰር ትንሽ ዕቃ) ሆነ በሙቀት ምክንያት የተቋረጠ ቤንዚን ግን ያንኑ ምልክት ያሳያሉ። በአካባቢው የሚፈስ ቤንዚን አለመኖሩን ካዩ በኋላ፣ ከኮይሉ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ክዳን መሐል የሚገባውን ወፍራም ገመድ ከክዳኑ ነቅለው፣ እጀታው በደንብ በተሸፈነ ፒንሳ ይዘው ጫፉን ከሞተሩ ብረት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁት፤ ሌላ ሰው ሞተሪኖውን ሲያዞር ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ ከዘለለ ኮይሉን ተዉትና ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጉ። ብልጭታው ቀጭንና ቢጫ ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ ርካሽ የሆነውን ኮንደንሰር አስቀድሞ ቀይሮ መሞከር ብልህነት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይንቀሉ፤ የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ይገኛል። የኮይሉን ሽቦዎች ምልክት አድርገው ከፈቱ በኋላ፣ 15 (ፖዘቲቭ) እና 1 (ኔጌቲቭ) ተብለው በተጻፈባቸው ሁለት ትናንሽ ጫፎች መካከል ይለኩ። ደህና የሆነ የቮልስ ኮይል ከ3 እስከ 4 ኦም ገደማ ያሳያል። በዚህ መጠን የቴስተሩ ገመዶች የራሳቸው ሬዚስታንስ እንኳ ስለሚያሳስት፣ ሁለቱን የቴስተር ጫፎች አንድ ላይ አገናኝተው የሚያሳየውን ቁጥር ከውጤቱ ይቀንሱ። በተመሳሳይ መንገድ ሊገዙት ያሰቡትን ኮይል በፖዘቲቩና በኔጌቲቩ መካከል ይለኩት። 3 ኦም ገደማ ከሆነ ያለ ምንም ተጨማሪ ነገር ይገጠማል። 1.5 ኦም ገደማ ከሆነ ግን ብቻውን አይገጠምም፤ ከ1 ኦም በታች ከሆነ ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን የተሠራ ስለሆነ ኮንታክት ፖይንት (በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የኮይሉን ኩረንት የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ትንሽ ዕቃ) ላለው ቮልስ አይበጅም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ወደ 14 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ይህ በ3 ኦም ሲካፈል ከ5 አምፒር ያነሰ ኩረንት ይሆናል፣ በ1.5 ኦም ሲካፈል ግን ከ9 አምፒር በላይ ይደርሳል። ይህን ያህል ኩረንት በትንሿ ኮንታክት ፖይንት ሲያልፍ ፊቷን ያቃጥላል፣ ኮይሉንም ያግላል። መኪናው በመጀመሪያው ቀን እንዲያውም ከወትሮው በተሻለ ስለሚነሳ ባለቤቱ ደስ ይለዋል፤ ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ፣ አንዳንዴም መንገድ ላይ ነው። የጃፓኑ መኪና ይህ ችግር ያልነበረበት፣ ሞተሩ ሲነሳ ሙሉውን ቮልት ለኮይሉ ሰጥቶ፣ ከተነሳ በኋላ ግን ነጭ ሴራሚክ በሚመስል ሬዚስተር አሳልፎ ስለሚቀንሰው ነበር። ያ ሴራሚክ በአሮጌው መኪና ላይ ቀርቶ ኮይሉ ብቻውን ሊሸጥልዎ ስለሚችል፣ ሻጩን አብሮ እንዲሰጥዎ ይጠይቁት፤ እርሱንም ለክተው ከኮይሉ ጋር ሲደመር ወደ 3 ኦም መድረሱን ያረጋግጡ።

አሮጌውን ኮይል በንፋስ ማቀዝቀዣው ቤት ላይ ከያዘው ቀለበት አውጥተው አዲሱን ሲያስገቡ፣ አዲሱ ቀጠን ብሎ ሊወላገድ ይችላል። ብዙዎች የከመነዳሪ ቁራጭ ጠቅልለው ያጠብቁታል፤ እኔ ግን ቀጭን ቆርቆሮ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ጎማ የኮይሉን ሙቀት አፍኖ ይይዛል፣ ቆርቆሮ ግን ወደ ቀለበቱ ያስተላልፋል።

በሽቦው ላይ በጣም ይጠንቀቁ። ሬዚስተር የሚያስፈልገው ኮይል ከሆነ፣ ከቁልፉ የሚመጣው ሽቦ በሬዚስተሩ አንድ ጫፍ ይገባል፣ ከሌላው ጫፍ ወደ ኮይሉ ፖዘቲቭ ይሄዳል፤ ኔጌቲቩ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ይያያዛል። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቢቀያየሩም መኪናው ይነሳል፣ የካንዴላው ብልጭታ ግን ይደክማል። በቮልስ ላይ ከኮይሉ 15 ቁጥር ወደ ካርቡራቶሩ አውቶማቲክ ቾክ፣ በኋለኞቹ ሞዴሎች ደግሞ ወደ ሚኒሞ መዝጊያው (ቁልፉ ሲጠፋ የካርቡራቶሩን የሚኒሞ ቤንዚን የሚዘጋው ዕቃ) የሚሄዱ ሽቦዎች አሉ። እነዚህ ሙሉ 12 ቮልት ስለሚሹ ከሬዚስተሩ በፊት ከቁልፉ ሽቦ ጋር መያያዝ አለባቸው፤ ከሬዚስተሩ በኋላ ከተያያዙ ቾኩ በጊዜው አይከፈትም፣ ለኮይሉ የሚደርሰውም ቮልት ይቀንሳል። ሬዚስተሩ ራሱ በጣም ስለሚግል፣ ከቤንዚን ቱቦና ከሽቦ ርቆ በብረት ላይ በብሎን ይታሰር።

ከዚያ በኋላ የኮንታክት ፖይንቱን ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካክለው ሞተሩን ያስነሱ። ቁልፉን ከፍተው ሞተሩን ሳያስነሱ ለረጅም ጊዜ አይተዉት፣ ፖይንቱ ተዘግቶ ከቆመ ኮይሉ ያለ ሥራ ይግላል። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍተው የፖይንቱን ፊት ይመልከቱ፤ ግራጫ ከሆነ ሥራው ተስተካክሏል፣ ሰማያዊ ሆኖ ከተቃጠለ ግን ኩረንቱ አሁንም በዝቷልና የኮይሉንና የሬዚስተሩን ድምር እንደገና ይለኩ።