ከወለሉ ሥር የነበረውን ብክለት እንዴት እንደፈታነው

ልገዛው ያሰብኩት የንግድ ሕንፃ ሰነዱ ንጹሕ ነበር፤ ዕዳም እገዳም የለበትም። ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ግን የአካባቢ ብክለት ባለሙያ ቀጠርኩ። የቆዩ የአየር ላይ ፎቶዎችንና የንግድ ፈቃዶችን አገላበጠ። ለካ ቦታው ድሮ ላውንደሪ ኖሯል!

ላውንደሪ ሲባል ቀላል ይመስላል። ለደረቅ እጥበት፣ ማለትም ልብስን ያለ ውኃ በኬሚካል ለማጽዳት፣ የሚጠቀሙበት ቴትራክሎሮኤቲሊን የተባለው ፈሳሽ ግን ከውኃ 1.6 እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ስለዚህ ከርሰ ምድር ውኃ ላይ አይንሳፈፍም፤ ወደ ታች ይሰምጣል። ትነቱ ደግሞ በወለሉ ስንጥቅ ሾልኮ ክፍል ውስጥ ይገባል። አፈር ብቻ ማስመርመር የማይበቃው ለዚህ ነው። ድሮ የእጥበት ማሽኑ ቆሞበት በነበረው ጥግ ወለሉን አስበስተን ከሥሩ ያለውን አየር ጭምር ናሙና ወሰድን። ላቦራቶሪው ኬሚካሉን አገኘው።

ሻጩ መጀመሪያ አኮረፈ፤ ውጤቱን ሲያይ ለዘብ አለ። የማጽጃው ወጪ ከዋጋው ተቀንሶ በሦስተኛ ወገን እጅ እንዲቀመጥ፣ ስም የሚዞረውም ድጋሚ ምርመራው ሲያልፍ እንዲሆን ተስማማን። የተበከለው አፈር ተቆፍሮ ወጣ። ከወለሉ ሥር ቧንቧ ተዘርግቶ ትነቱ በፋን ከጣሪያ በላይ እንዲወጣ ተደረገ። የክፍሉ አየር ሲለካ ከተፈቀደው መጠን በታች ሆነ፤ ስሙም ዞረ። ፋኑ አሁንም አይጠፋም፤ የግፊት መለኪያውን በየጊዜው አያለሁ።